እትዬ ስንዱና አራተኛው ስህተት

ቢንያም የእናቱን ሞት ሊነግረኝ ሲደውል የጠዋቱን ዙር ጨርሼ አውቶቡሱን ዲፖ እያስገባሁ ነበር። "ትግስት፣ እማዬ አረፈች" አለኝ። አማርኛው እዚያ ላይ አለቀበትና የቀረውን በእንግሊዝኛ ቀጠለ፤ በእንቅልፏ እንደሆነ፣ እንዳልተሰቃየች፣ ቀብሩ እዚያው እሱ በሚኖርበት አሌክሳንድሪያ እንደሚሆን። "እግዜር ያጽናህ" ብዬ ስልኩን ዘጋሁና መሪው ላይ ተደግፌ ቆየሁ። የስምሪት ክፍሏ ዲስፓቸር በሬዲዮ ሁለት ጊዜ ጠራችኝ። እንባ ግን አልመጣልኝም። ለእትዬ ስንዱ የማለቅሰውን ሁሉ በሕይወት ሳሉ ጨርሼዋለሁ።

ሳስባቸው መጀመሪያ የሚመጣልኝ ፊታቸው አይደለም። "ከረጢቱ ምን አደረገ?" የሚለው ድምፃቸው ነው።

የተዋወቅነው በፈረንጆቹ 2004 ነው። እኔ የአውቶቡስ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ወር አልሞላኝም። እሳቸው ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ስኩል ባስ ሲነዱ ዓመታት ቆጥረዋል። የስኩል ባስ ሥራ ለሁለት የተከፈለ ነው። ጠዋት ልጆቹን ካደረስን በኋላ፣ ከሰዓት በኋላ ወደየቤታቸው እስክንመልሳቸው አራት ሰዓት ያህል ባዶ ነው። አንዳንዱ ሹፌር መኪናው ውስጥ ይተኛል፣ አንዳንዱ ወደ ሌላ ሥራ ይሮጣል፣ የቀረነው የሹፌሮች ማረፊያ ክፍል ተቀምጠን ወሬ እንሰልቃለን። እትዬ ስንዱ ከሁላችንም ርቀው፣ መስኮቱ ሥር ባለችው ጠረጴዛ ላይ የስክራብል ሰሌዳ ዘርግተው ይቀመጡ ነበር። አጠር ያሉ፣ ፀጉራቸውን ወደ ኋላ አጥብቀው የሚያስሩ፣ መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ የሚንጠለጠል ሴት ናቸው። ከፊት ለፊታቸው ማንም የለም።

"ይቅርታ፣ ብቻዎን ነው የሚጫወቱት?" አልኳቸው አንድ ቀን።

"ብቻዬን አይደለሁም" አሉኝ ቀና ሳይሉ። "ቅዳሜ ካሸነፈኝ ሰውዬ ጋር ነኝ።"

የቀለዱ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። ከጎናቸው ያለውን ወንበር በእግራቸው ገፋ አደረጉልኝና፣ "ተቀመጪ። እዚህ ጋ ይኼን ቃል አስቀመጥኩ። ቃሉ ልክ ነው፣ ነጥብም አግኝቼበታለሁ። ግን ለእሱ በር ከፈትኩለት፤ አየሽ? ጨዋታው ያለቀው እዚህ ጋ ነው። እኔ ሞኟ እስከ መጨረሻው የማሸንፍ መስሎኝ ስደክም ነበር" አሉኝ።

ስክራብል ለማያውቅ ሰው፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ከከረጢት ውስጥ ሳያዩ ሰባት ፊደል ያወጣሉ። በፊደሎቹ የእንግሊዝኛ ቃል ሠርተው ሰሌዳው ላይ ካለው ጋር ያገናኛሉ። ሰባቱንም ባንድ ተራ የጨረሰ ሃምሳ ነጥብ ይመረቅለታል። ተቃራኒው ያስቀመጠውን ቃል የተጠራጠረ ሰው ቻሌንጅ ማድረግ ይችላል። ቃሉ መዝገበ ቃላቱ ውስጥ ከሌለ ይነሳል፤ ካለ ግን ተጠራጣሪው ተራውን ያጣል።

እትዬ ስንዱ ኮምቦልቻ ሃያ ዓመት ያህል እንግሊዝኛ አስተምረዋል። ባለቤታቸው እዚያው ሳሉ ሞቱባቸው፤ ዲቪ ሲደርሳቸው የአሥራ ሁለት ዓመቱን ቢንያምን ይዘው መጡ። አሜሪካ ግን ለመምህርነታቸው ወረቀት አልሰጠቻቸውም። መጀመሪያ የያዙት ሥራ አሌክሳንድሪያ አንድ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ማጠብ ነበር። እንግዳ ጥሎት የሄደ የስክራብል ካርቶን ያገኙት እዚያ ነው። አውቶቡስ መንዳት ሲጀምሩ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንድ ላይብረሪ ምድር ቤት ውስጥ የሚሰበሰብ የተጫዋቾች ክለብ አገኙ። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜያቸውን ለሠርግም ለክርስትናም አልሰጡም። ለዚህ የተቀየማቸው ሰው ብዙ ነው።

እኔን ጨዋታውን ያስተማሩኝ በዚያው ዊንተር ነው። እንግሊዝኛዬ ደካማ ስለነበር፣ "ስትሸነፊ ቃል ታተርፊያለሽ" ይሉኝ ነበር። አንድ ቀን ከሰባቱ ፊደሎቼ ስድስቱ አናባቢ ሆኑብኝ።

"ምን ዓይነት ዕድል ነው ያለኝ!" ብዬ ፊደሎቹን ገፋሁ።

"ከረጢቱ ምን አደረገ?" አሉ።

"አያዩትም እንዴ እትዬ? በዚህ ምን ልሥራ?"

"ባለፈው ተራሽ አራት አናባቢ ይዘሽ አንዱን ብቻ ጣልሽ። በዚያኛውም እንዲሁ። ያጠራቀምሽው አንቺ ነሽ፤ ከረጢቱን አትስደቢው።"

ሁሌ ከጎናቸው የማይለይ ሰማያዊ ደብተር ነበራቸው። በየተራው በእጃቸው የነበሩትን ፊደሎችና ያስቀመጡትን ቃል ይጽፉበታል። ቤት ሲገቡ ምን ማስቀመጥ ይችሉ እንደነበር እየፈለጉ ከጎኑ ቁጥር ያደርጋሉ። ስህተት ሦስት ዓይነት ነው ይሉ ነበር። አንድ፣ ቃሉን አለማወቅ ነው፤ እሱ አያሳፍርም፣ ይማሩታል። ሁለት፣ እያወቁ አለማየት ነው፤ እሱ ከችኮላ ነው። ሦስት፣ አይቶ መፍራት ነው።

"ሦስተኛው ነው የሚያንገበግበኝ" ይሉ ነበር። "ሌሎቹን ሌላ ሰውም ይሠራቸዋል። ሦስት ቁጥር ግን የራሴ ነው።"

ያሸነፉበትንም ጨዋታ አይምሩትም። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው፣ "እሱ ስለተሳሳተ እኮ ነው ያሸነፍኩት። የእኔ ስህተት እዚያው አለ፤ ማሸነፌ ሸፈነው እንጂ መቼ አጠፋው?" አሉኝ።

ይኼ ጠባያቸው ሰው ያደክማል፣ አልዋሽም። ሹፌሮቹ "ኦዲተሯ" ይሏቸው ነበር። አንዱ መስታወቱን ገጭቶ ሲመጣ፣ "መንገዱ ጠባብ ነው" ሲል፣ እሳቸው ከጠረጴዛቸው ሆነው "መንገዱ ትናንት ሰፊ ነበር?" ይሉታል። ቢንያም ከፈተና ዝቅ ያለ ውጤት ይዞ ሲመጣ አይቆጡትም፤ "የትኛው ዓይነት ነው?" ብለው ቁጭ አድርገው ያስመረምሩታል። ካደገ በኋላ በእንግሊዝኛ፣ "እኔ ያደግኩት እዚያ ደብተር ውስጥ ነው" ብሎኛል፤ ፈገግ ብሎ ነበር፣ ግን ፈገግታው ሙሉ አልነበረም።

አንድ ዓመት አሌክሳንድሪያ አንድ ሆቴል ውስጥ ውድድር ነበር። መኪናቸው ጋራዥ ገብታ ስለነበር ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ከምድባቸው ሲመሩ ቆይተው ለመጨረሻው ጨዋታ ከአንድ ኮፍያውን የማያወልቅ ጡረተኛ አሜሪካዊ ጋር ተቀመጡ። እያሸነፉ ነበር። ሰውዬው ድንገት ሰባቱንም ፊደል ደረደረ። ቃሉ "አንስማይል" ይላል፤ ፈገግታ በሚለው ቃል ላይ አፍራሹ "አን" ተለጥፎበት። እኔ ራሴ ከግድግዳው ሥር ቁጭ ብዬ እንዲህ ያለ ቃል ይኖር ይሆን እያልኩ ነበር። እትዬ ስንዱ መነጽራቸውን አነሱ፣ መልሰው አደረጉ። እጃቸው ትንሽ ከፍ አለ። ከዚያ ወረደና ነጥቡን መዘገቡለት። በዚያች ቃል ተሸነፉ።

ሰውዬው ደግ ነው፤ እጃቸውን ጨብጦ "ፊደሎቹ ዛሬ ለእርስዎ አልሆኑም" አላቸው።

ወደ ሜሪላንድ ስንመለስ ወንዙን የሚያሻግረው ድልድይ ላይ ደረስን።

"ትግስት፣ እንዲያ የሚባል ቃል የለም" አሉኝ እዚያ።

"ታዲያ ለምን ቻሌንጅ አላደረጉም?"

"ለሰባተኛ ክፍል 'አን' የሚጨመርበትንና የማይጨመርበትን ቃል እኔ ነኝ ሳስተምር የኖርኩት። የስንት ልጅ ነጥብ ቀንሼበታለሁ! ግን ሰውዬውን ቀና ብዬ ሳየው፣ ይኼ ሰው በቋንቋው ተወልዶ፣ እኔ ከኮምቦልቻ መጥቼ ልክ አይደለህም ልበለው? አልኩ።" ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። "ሳላየው ቀርቼ ቢሆን ምናለ። አይቼ ነው የፈራሁት።"

እኔ ላጽናናቸው፣ "ዕድል ነው እትዬ፣ ሌላ ጊዜ አለ" አልኩ። ክፉኛ ተቆጡኝ። "ዕድል አትበይኝ! ዕድል ካልሽው ምን አስተካክላለሁ?"

ከወር በኋላ ክለቡ ውስጥ አንድ ወጣት ያስቀመጠውን ቃል ቻሌንጅ አደረጉ። ቃሉ ትክክል ሆኖ ተገኘና ተራቸውን አጡ። ሰኞ ዲፖ ሲመጡ ፊታቸው በርቶ ነበር። "ተሳሳትኩ!" አሉኝ። "ግን አንድ ቁጥር ነው። አላውቀውም ነበር። አልፈራሁም!" እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አይቼ አላውቅም።

እንዲህ እያልን ስምንት ዓመት ያህል ሄደ። በ2012 ጸደይ ላይ፣ ከጠዋቱ ዙር በኋላ፣ ሰሌዳውን ሳይዘረጉ ደብተራቸውን ብቻ ይዘው ጠበቁኝ። ገጽ ገለጡና ጣታቸውን አሳረፉበት።

"እነዚህን ሰባት ፊደሎች እይ። ምን ይወጣቸዋል?"

ትንሽ አገላብጬ፣ "ሃርቨስት" አልኩ።

"አንቺ ቶሎ አየሽው። እኔ ሳላየው ቀረሁ። እሱ ምንም አይደል፣ ሁለት ቁጥር ነው። ቤት ገብቼ ኮምፒውተሩ ሲያወጣልኝ ግን…" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ምን ማለት እንደሆነ አላወቅኩትም። ትርጉሙን መዝገበ ቃላት ገልጬ አየሁ። ሃርቨስት እኮ አዝመራ ነው፣ ትግስት። አምስተኛ ክፍል ነው የምናስተምረው።"

"ደክሞዎት ይሆናል።"

"አንድ ቀን አይደለም። ወደ ኋላ ሄጄ ከመስከረም ጀምሮ ቆጠርኩት። ከሦስቱ የማይገባ ሌላ ዓይነት መጥቷል። የማውቀው የነበረ፣ አሁን የማላውቀው። እዚህ አራት ብዬ ጽፌዋለሁ።"

ደብተሩን ወደ እኔ አዞሩት። መጀመሪያ አልፎ አልፎ፣ ኋላ ላይ በየገጹ አራት ቁጥር ነበረች። እኔ ግን፣ "እኔም ቁልፌን ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጬ ሳስስ ውዬ አውቃለሁ። ዕድሜ ነው" አልኳቸው። ስድሳ ዓመታቸው ነበር።

ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ሐኪሙ የሰዓት ሥዕል እንዲስሉ አዘዛቸው፤ ልክ አድርገው ሳሉት። አምስት ቃል አስጠንቶ ቆየት ብሎ ጠየቃቸው፤ አምስቱንም በፊደል ተራ ደርድረው መለሱለት። ሐኪሙ ስቆ "ከእኔ ይሻላሉ" አላቸው። ቢንያምም፣ "ማም፣ ዩ አር ፋይን" አላቸው። እሳቸው ግን ደብተሩን ይዘው በየቅዳሜው ቆጠራቸውን ቀጠሉ። ሰኔ ላይ፣ ትምህርት ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ የአውቶቡሱን ቁልፍ ለሱፐርቫይዘራችን አስረክበው ወጡ። ማንም አልከሰሳቸውም። አንድም ቀን አላረፈዱም፣ አንድም ነገር አልገጩም። ሱፐርቫይዘሩ ግራ ገብቶት፣ ምን ተፈጥሮ ነው ብሎ እኔን ጠየቀኝ።

ፓርኪንግ ላይ ደረስኩባቸው። "አብደዋል እንዴ? ለጡረታዎ ሦስት ዓመት ነው የቀረዎት። ኢንሹራንስዎስ? ሐኪሙ ደህና ነዎት ብሎ የለም?"

"ሐኪሙ አንድ ቀን ነው ያየኝ። እኔ ራሴን በየሳምንቱ ነው የማየው።"

"እርስዎ ከራስዎ ላይ ስህተት ካላገኙ እንቅልፍ አይወስድዎትም!" አልኳቸው። ክፉ ቃል ነው፤ ከአፌ ሲወጣ ይታወቀኛል።

አልተቀየሙም። "አርባ አራት ልጅ ነው የምጭነው" አሉ ቀስ ብለው። "አዝመራ ከጠፋኝ፣ ነገ ቀይ መብራት ምን እንደሚል ቢጠፋኝስ? ልጅ ከመታሁ በኋላ ደብተሬ ላይ ስንት ቁጥር ልጻፍ?" መኪናቸው ውስጥ ገብተው መስታወቱን ዝቅ አደረጉ። "ምነው በተሳሳትኩ፣ ትግስት። እንደዚህኛው ልሳሳትበት የምመኘው ነገር የለም።"

አልተሳሳቱም። በዓመቱ ከሲልቨር ስፕሪንግ ቀይ መስመር ባቡር ላይ ተሳፍረው መጨረሻው ጣቢያ ላይ ወርደው መመለሻው ጠፋቸው። ጣቢያው ውስጥ ሦስት ሰዓት ተቀምጠው ፖሊስ አግኝቷቸው ከቦርሳቸው ውስጥ የቢንያምን ቁጥር አወጣ። ከዚያ በኋላ ሌላ ሐኪም፣ ሌላ ምርመራ፣ የጭንቅላት ፎቶ መጣ። በሽታው ስም ወጣለት። ቢንያም ውጤቱን ሲሰማ ያለቀሰው ለእናቱ ብቻ አይመስለኝም፤ ነግረውት አላመናቸውም ነበርና። እኔም አላመንኳቸውም።

ቢንያም ከአፓርታማቸው አስወጥቶ አሌክሳንድሪያ ያለው የራሱ ቤት ወሰዳቸው። ክለቡ ቀረ። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ድልድዩን ተሻግሬ እሄድ ጀመር፤ ሰሌዳውን ምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተን እንጫወታለን። መጀመሪያ ላይ ያሸንፉኝ ነበር። ቀስ በቀስ እኔ ማሸነፍ ጀመርኩ፣ ደስታ የሌለበት ማሸነፍ። የአምስት ፊደል ቃል ወደ ሦስት ወረደ። አንዳንዴ ፊደሎቹን ይዘው መስኮት መስኮት እያዩ ይቆያሉ። ደብተሩን መጻፍ ሲያቅታቸው እኔ እጽፍላቸው ነበር። ጨዋታው ሲያልቅ ግን አንድ ቀን እንኳ ሳይጠይቁኝ አልቀሩም፤ "እሺ፣ የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?"

አሳያቸው ነበር። እሳቸው እንዳስተማሩኝ፣ ፊደሎቹን መልሼ ደርድሬ፣ "እዚህ ጋ ይኼን ቢያደርጉ" እላለሁ። "እውነትሽን ነው" ይላሉ። የሚያሳዝነኝ አንገታቸውን ሲነቀንቁ ነበር፤ እንደ ጎበዝ ተማሪ። እየቆየ ሲመጣ ግን አቃተኝ። ስህተቱ በዛ፤ የቱን አንስቼ የቱን ልተው? "ዛሬ አልተሳሳቱም እትዬ" ማለት ጀመርኩ።

አንድ ቅዳሜ ደህና ሆነው አገኘኋቸው። ስሜን ጠርተው ተቀበሉኝ፣ ጠረጴዛውን ራሳቸው አጸዱ። ጨዋታው ተቀራራቢ ሆነ። ከረጢቱ ባዶ ሲሆን በሰባት ነጥብ ይመሩኝ ነበር፣ ተራው የእኔ ነው። በእጄ የቀሩትን አራት ፊደሎች የማስቀምጥበት ቦታ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ እዚያ ባኖራቸው አሸንፋለሁ። ፊታቸውን አየሁ። ብዙ ጊዜ ያላየሁት ንቃት ነበረው። አንዲት ፊደል ብቻ ጥግ ላይ አስቀመጥኩና "ይኸው" አልኩ። ጨርሰው አሸነፉ።

"ጎበዝ! አሸነፉኝ!" ብዬ አጨበጨብኩ። ቢንያምም ከሳሎን "ዌይ ቱ ጎ፣ ማም!" አለ።

እትዬ ስንዱ አላጨበጨቡም። እጃቸውን ዘርግተው የቀሩኝን ሦስት ፊደሎች ወደ ራሳቸው አዞሩ። ያስቀመጥኳትን አንዷን ከጥግ አነሱና ከእነሱ ጋር ገጠሟት። አራቱን ይዘው ሰሌዳው ላይ ሄዱ፣ ያቺው ቦታ ላይ አሳረፏቸው።

"ይኼን አላየሽውም?"

"አላየሁትም።"

"አይተሽዋል" አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለበትም። "ትግስት፣ አይተሽዋል።"

ፊደሎቹን ወደ ከረጢቱ መመለስ ጀመርኩ።

"በራሴ ስህተት መሸነፍ ብቻ ነበር የቀረኝ" አሉ። "እሱ እያለ ሰው ነበርኩ። እሱንም ወሰድሽብኝ።"

ተነስተው ወደ ክፍላቸው ገቡና በሩን ዘጉ። ቢንያም ምን ተፈጠረ አለኝ፤ ምን ብዬ እንደነገርኩት አላስታውስም። መንገዱን ሁሉ እያለቀስኩ ነዳሁ። ሳምንቱን በሙሉ የምለውን ስደረድር ሰነበትኩ። አዝኜልዎት ነው ልበላቸው? አዝኜልዎት ነው ማለት ራሱ ሌላ ስድብ ሆኖ ታየኝ። ፈርቼ ነው ልላቸው ወሰንኩ። ስህተቱን አይቼ መናገር፣ ሲሸነፉ ማየት፣ ሁሉንም ፈርቼ። እውነቱም እሱ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስደርስ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ነበር፤ ቢንያም ሹራብ ደርቦላቸዋል። ሰሌዳውን አላወጣሁም። ወንበር ስቤ ከጉልበታቸው አጠገብ ተቀመጥኩ።

"እትዬ፣ ባለፈው ቅዳሜ አውቄ ነው የተሸነፍኩት። ፈርቼ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

በጥሞና ሰሙኝ። ሰው ሲናገር አያቋርጡም፤ ያ አልጠፋቸውም ነበር። ከዚያ እጃቸውን እጄ ላይ አደረጉ።

"ምንም አይደል የኔ ልጅ፣ ይቅር ብዬሻለሁ" አሉኝ። ፊቴን እያገላበጡ አዩኝ። "አንቺ የማን ልጅ ነሽ?"

"የአቶ መንግሥቱ" አልኩ፣ የአባቴን ስም።

ግንባራቸውን ቋጥረው ብዙ አሰቡ፤ አንድ ጥግ ላይ የወደቀ ነገር እንደሚፈልግ ሰው። አጡት። አፈሩ።

"አላወቅኳቸውም" አሉ። "አንቺ ምንም አላጠፋሽም። ስህተቱ የእኔ ነው።"